ሳሮን ያበረረችኝ ቀን

ዳኜ የኔ፣

ከተለየኸን ሃያ ዓመት አለፈ። ያኔ ሳሮን ገና ጥርስ እያወጣች ነበር። ዛሬ በአውሮፕላን አበረረችኝ። አዎ፣ ልጅህ! እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ። በፍርሃት አይደለም። በፍርሃት ብቻ አይደለም።

አሁን ባሕር ማዶ፣ ካናል ዊንቸስተር የምትባል ከተማ ነው የምንኖረው። እኔ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን እየተንከባከብኩ እሠራለሁ። ሳሮን ያንተን ቅንድብ ይዛ አደገች፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። የፓይለት ላይሰንስ ያወጣች ጊዜ አኩርፌያት ሰነበትኩ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ይዘኸው የወደቅከው አውሮፕላን ሞተሩ ደህና ነበር አሉኝ። ክንፉም ደህና ነበር። ደመናው ውስጥ ተራራ መኖሩን የሚነግርህ ብቻ ነበር የጠፋው።

አሁን ደግሞ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ለማብረር ሌላ ስቴት ሄዳ ልትማር ነው። ያለ ምርቃቴ ግን አልሄድም አለች። «መጀመሪያ አብረሽኝ ብረሪ፣ ማሚ። ከዛ ኖ ካልሽ ኖ ነው።» ቤተ ክርስቲያን እትዬ ሙሉ ይህን ሰምተው፣ «ምናለ እንደ ሰው ልጅ ነርስ ብትሆን!» አሉ።

እሺ አልኳት፤ ዛሬ በትንሽ አውሮፕላን ተነሳን። ዓይኔን እጨፍናለሁ ብዬ ነበር፤ አልጨፈንኩም። የመጋዘኖቹ ነጭ ጣሪያ፣ አውራ ጎዳናው፣ እርሻው። ዳኜ፣ ምድር ከላይ እንዲህ ታምራለች? ስትነግረኝ «አንተ ደግሞ!» እልህ ነበር።

ከፊቷ ስክሪን አለ፤ ከሥራችን ያለው መሬት ሁሉ ተስሎበታል። ወደ እኛ ከፍታ የሚቀርበው ቢጫ ይሆናል፣ የሚስተካከለን ወይም የሚበልጠን ቀይ። ኮረብታው ወደሚጀምርበት ወሰደችኝና ትንሽ ዝቅ አለች። በመስኮት አየሁ፦ ኮረብታ። በስክሪኑ አየሁ፦ ኮረብታ፣ ቢጫ። ደመና ቢሸፍነውም ያሳያል ወይ አልኳት። «ጨለማም ቢሆን፣ ማሚ። ስንጠጋው ደግሞ ይናገራል።»

ልጮህ ደረስኩ፣ በደስታ። ወዲያው ግን አንተ ትዝ አልከኝ። ይህችን የምታህል ሳጥን ብትኖርህ ኖሮ። ይህችን የምታህል።

ግን ቢነግርህስ ትሰማ ነበር? መኪና ስትነዳ «ቀስ በል» ባልኩህ ቁጥር ዘፈንህን ከፍ ታደርግ ነበር። ይህን መጠየቅ አልፈልግም። እየጠየቅኩ ነው።

ከዚያ ማረፍ መጣ። «ስናርፍ አታናግሪኝ» ብላኝ ነበር። አላናገርኳትም። ማኮብኮቢያው እየሰፋ ሲመጣብን ግን፣ እንደ ጉባኤያችን ልማድ እጄን ጭኜ ልጸልይላት ብዬ አናቷ ላይ አሳረፍኩት! ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ዘቀጠ። በጆሮ ማዳመጫችን የሳጥኑ ድምፅ «ሲንክ ሬት» አለ። ከልክ በላይ በፍጥነት እየወረዳችሁ ነው ማለቱ ነው።

ሳሮን አልተከራከረችም። ኃይል ጨመረች፣ አፍንጫውን ቀና አደረገች፤ ማኮብኮቢያው ከሥራችን አልፎ ሄደ፣ እኛ ወደ ላይ። ከፍ ካልን በኋላ ነው የተናገረችው። «ማሚ! ጋድ ብሌስ ዩ ቱ፣ ግን እጅሽን ሰብስቢ!»

በሁለተኛው ዙር ሁለት እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ገልጬ ጸለይኩ። ድምፁ «ፋይቭ ሀንድረድ» አለ። አምስት መቶ ጫማ ቀርቶናል። ምንም አልተቆጣም። አረፍን። ማይኩ ከአፌ ፊት መሆኑን ረስቼ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ሳሮን እየሳቀች ሄድሴቷን ከጆሮዋ ነቀለችው።

የኮራሁት ግን ባላረፍንበት ዙር ነው። ተነገራት፣ ሰማች። እንደገና መዞርን ውርደት አላደረገችውም።

ቀበቶዬን ሳልፈታ «ሂጂ፣ ጌታ ይከተልሽ» አልኳት። አለቀሰች። ስጋቴ አለቀ አልልህም። ሳጥኑ ዝም የሚልበት ቀን ይኖር ይሆን? በበረረች ቁጥር ስልኬን እያየሁ እቀመጣለሁ።

መኪና ውስጥ «ዳዲ ሲያሳርፍ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ለካ በዚህ ሁሉ ዓመት የነገርኳት አሟሟትህን ብቻ ነው! ጅማ ይዘኸኝ የበረርክበትን ቀን ነገርኳት። ጎማው መሬት መንካቱን ማንም አላወቀም፤ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ «ልንደርስ ነው እንዴ?» ሲሉ፣ አንተ ኮፍያህን አውልቀህ «ከደረስን ቆየን፣ እማማ» አልካቸው። ሳሮን መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ጥሩምባ እየተነፋ። «ሌላስ?» አለችኝ።

ዳኜ፣ ከእንግዲህ በዚያ ተራራ ብቻ አላስታውስህም። ኮፍያህን ይዘህ፣ መሬት ላይ ቆመህ፣ እየሳቅክ አስታውስሃለሁ። ለእሷም እንደዚያው አድርጌ እሰጥሃለሁ።

ያንተው አስቴር