ክርን ስላወጣው ድልድያችን

መጋቢት ፲፮ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ የመሸጋገሪያ ድልድዮች ማሠሪያ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

እርስዎ፣ የተከበሩ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና የግዥ ኮሚቴዎ አባላት በሙሉ እንደምን ሰንብታችኋል? ለጤናዎ አብዝቼ እጸልያለሁ። የምጸልየውም ከልቤ ነው፤ እርስዎ ድንገት አንድ ነገር ቢሆኑና አስከሬንዎ በእኛ ሰፈር በኩል ማለፍ ቢኖርበት ምን እንደሚደርስ ከዚህ በታች በዝርዝር አመለክታለሁና።

እኔ ገብረመስቀል ሃብተአብ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ነኝ። ከቤቴ ወንዙን ተሻግሮ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ይበቃል። ባለቤቴ መብርሂት እዚያ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት፤ ከእሷ ጎን ያለውን ቦታ ለራሴ አስይዣለሁ። ይህን የምጠቅሰው ሐዘኔን ላካፍልዎ ብዬ ሳይሆን የድልድዩ ተጠቃሚ መሆኔን ለማስረዳት ነው።

አስቀድሜ ስለ ድልድዩ ላመስግንዎ። ድሮ የምንሻገረው በሦስት ጣውላ ነበር፤ ጣውላው ቢወዛወዝም ከዚህ ዳር ተነሥቶ በቀጥታ እዚያ ዳር ይደርስ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ይህን ኋላቀር አሠራር ለውጦ የኮንክሪት ድልድይ ከሁለቱም ዳር በአንድ ጊዜ አስጀመረልን። ዓይናችን እያየ ሁለቱ ጫፎች መሀል ወንዝ ላይ ደረሱና ሳይገናኙ ተላለፉ። በመካከላቸው አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ልዩነት ነበር። መሐንዲሱም ሳይደናገጥ በጎን አገናኛቸውና ድልድያችን ክርን አወጣ። አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው መሀል ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ደግሞ ወደ ግራ ይታጠፋል። ለእግረኛ እንኳ ክፉ አይደለም፤ ሰው ቆም ብሎ ኃጢአቱን ያስብበታል።

ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ባለፈው ጥር ጎረቤታችን አቶ ሃድጉ ዐረፉ። በሕይወታቸው ከቀጠሮ አርፍደው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሣጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ክርኑ ላይ ሲደርሱ ሣጥኑ አልታጠፍ አለ። ወደ ቀኝ ሞከሩ፣ ወደ ግራ ሞከሩ፣ አልሆነም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አቁመን እናሳልፈው ቢል፣ የሟች ልጅ እጸገነት በዚያ ሁሉ እንባ መካከል አባቷ በሕይወት ሳሉም ቆመው መጠበቅ እንደማይወዱ፣ አሁንም ማንም እንደማያቆማቸው ተናገረች። ካህናቱ ቀድመው ተሻግረው ኖሮ ፍትሐቱን ወዲያ ማዶ ሆነው ቀጠሉ፤ ሟችና ለቀስተኛ ወዲህ ቀረን። በመጨረሻ በስታዲየም በኩል ዞረን፣ ከታክሲና ከኳስ ተመልካች ጋር እየተጋፋን፣ አቶ ሃድጉ ለገዛ ቀብራቸው አንድ ሰዓት ተኩል አርፍደው ደረሱ።

፪ኛ. ከቀብሩ በኋላ ቢሮዎ መጥቼ ይህ መሐንዲስ ከዚህ በፊት የትኛውን ድልድይ እንደሠራ በትሕትና ጠየቅሁ። የኮሚቴው ጸሐፊ መዝገቡን አገላብጠው ጥያቄዬ በመስፈርቱ ውስጥ እንደሌለ፣ መስፈርቱ ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ እንደሆነ፣ አሸናፊውም ከሁሉ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አስረዱኝ። መሐንዲሱንም ፈልጌ አነጋገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልዋሸኝም። የተማረው የኤሌክትሪክ ሥራ መሆኑን፣ ድልድይ ሠርቶ እንደማያውቅ፣ ዋጋውንም ዝቅ ያደረገው ልምድ ላግኝ ብሎ መሆኑን ነገረኝ። ወንዙ ድረስ ወርዶ ለክቶ እንደሆነ ብጠይቀው ካርታው ላይ መለካቱን ገለጸልኝ። በእሱ አልፈርድም፤ ሥራ ፈላጊ ነው። ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው ሲባል የሰማ አንድ ሰው ከኮሚቴዎ መካከል መጥፋቱ ግን ያናድደኛል።

እዚህ ላይ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ የእድራችንን አሠራር ላጫውትዎ። ድንኳን ተካያችን ሲያረጁ ሦስት ሰዎች ለቦታው ቀረቡ፤ አንደኛው በነጻ እሠራለሁ አለ። በእርስዎ ኮሚቴ ቢሆን ነገሩ በአምስት ደቂቃ ባለቀ። የእኛዋ ገንዘብ ያዥ ወይዘሮ አልጋነሽ ግን ሰው በቀላሉ የማያምኑ ሴት ናቸውና፣ በማን ለቅሶ ላይ እንደተከሉ፣ ድንኳኑ ወድቆ ያውቅ እንደሆነ፣ ከወደቀም በማን ላይ እንደወደቀ ሦስቱንም አንድ በአንድ መረመሩ። በዚህም ሳይበቃቸው በሐምሌ ዝናብ በእድሩ ግቢ ተክለው እንዲያሳዩ አደረጉ። የነጻው ሰውዬ ድንኳን እኔ ላይ ወደቀ። የመረጥነው አናጢውን ጅብሪልን ነው፤ ስለ ዋጋ የተነጋገርነው ሥራውን ማወቁን ካየን በኋላ ነበር። ይኸው ስምንት ክረምት ሆነው፣ አንድ ካስማ አልተነቀለም። ክቡር ሆይ፣ ለሦስት ቀን ለቅሶ ሸራ የሚተክል ሰው እንዲህ ከተመረመረ፣ ሃምሳ ዓመት ይቆማል ለተባለ ድልድይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

፫ኛ. ሦስተኛ ቅሬታ አልነበረኝም፤ መሥሪያ ቤትዎ ከሦስት ፕሮፎርማ በታች እንደማይቀበል ስለማውቅ ግን ስፈልግ ሰነበትኩ። እናንተም አላሳፈራችሁኝም። ክርኑን አፍርሶ ድልድዩን ለማቅናት ጨረታ መውጣቱን ባለፈው ሳምንት ከቀበሌው ሰሌዳ ላይ አነበብኩ፤ መስፈርቱ አሁንም ዝቅተኛ ዋጋ ይላል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይኸው ነው። ያ መሐንዲስ ልጅም የጨረታውን ሰነድ መውሰዱን ሰምቻለሁ። አሁን እንግዲህ ልምድ አለው።

እስካሁን እየቀለድኩ ጻፍኩ፤ አሁን እውነቱን ልንገርዎ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ልቤ ደክሟል፣ ሐኪሙም አልደበቀኝም። ሞቱን አልፈራውም። የምፈራው መሀል ወንዝ ላይ ሰዎች በእኔ ሲጨቃጨቁ፣ ስምንት ደቂቃ መንገድ ላይ ያለችው መብርሂት ዘንድ ለመድረስ ከተማውን መዞሬን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የዋጋውን ፖስታ ከመክፈትዎ በፊት ማን ድልድይ ሠርቶ እንደሚያውቅ ይጠይቁ፤ የሠራውንም ሄደው በእግርዎ ይርገጡት። ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይነጋገሩ።

መንገድዎ ሁሉ የቀና፣ የሚሻገሩበትም ድልድይ በሌላ መሥሪያ ቤት የተሠራ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከወንዙ ወዲህ ሆኜ፣ በክርኑ ልክ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ገብረመስቀል ሃብተአብ
የእድሩ ሰብሳቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ሣጥኔ ጅብሪልን አማክሬው ነበር። ሜትሩን ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ፣ አስተኝቶ ከራስ እስከ እግሬ ለካኝ፣ አልበቃ ብሎት ሄዶ የድልድዩን ክርን ለካ። ተመልሶም ወይ ድልድዩ ሊቀና፣ ወይ ሣጥኑ ጉልበቴ ላይ ማጠፊያ ሊበጅለት እንደሚገባ ነገረኝ። የሚታጠፍ ሣጥን ግን ሠርቶ ስለማያውቅ፣ ልምድ ላግኝ ብሎ በእኔ ላይ እንደማይሞክር በግልጽ አስታወቀኝ። እሱ የወሰደውን ልክ በአንድ ገጽ ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ለዚህ ድልድይ ቦታው ድረስ ተሄዶ የተወሰደ የመጀመሪያው ልክ ነውና፣ እባክዎ ከመዝገቡ እንዳይጠፋ።