«የለም» ብዬ የጻፍኩት ጎጆ

ጥር 6
ጭቃ። ጎብኚ ሦስት ብቻ። አንዷ ነጭ ጫማ አድርጋ መጥታ ግማሽ መንገድ ላይ ተመለሰች። ትኬት ቆራጯ «ጫካ መሆኑን ማን ደበቃት?» እያለች ስትስቅ ዋለች።

ምሥራቅ በኩል ዞርኩ። ባለቆቧ ገብታለች! ምንቃሯ ላይ ቆብ የደፋች የምትመስለው ትልቋ ወፍ… የዛፉን ቀዳዳ በጭቃ ደፍና ራሷን ዘግታለች። የቀራት ጣት የምታህል ስንጥቅ ናት። ባልየው በዚያች ፍሬ ያቀብላታል። ጫጩቷ እስክትደርስ መውጣት የለም። እሱ ከቀረ ሁለቱም አለቀላቸው።

መዝገቡ ላይ እንደ ወትሮው፦ «በምሥራቅ የታየ ጎጆ፦ የለም።» ፈረምኩ። አባዬ እንደ እኔ እዚህ ዘበኛ ሳለ ያስተማረኝ ነው። «ወረቀት እግር አለው፤ ጎጆ ከጻፍሽ ጫጩት ሌባ ያነበዋል።» አሥራ አንድ ዓመት… የለም፣ የለም።

ጥር 14
በምሥራቅ በኩል መንገድ ሊወጣ ነው። መሐንዲሱ ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ጨዋ ሰው ነው፤ የሚያናድደውም እሱ።
«ጎጆ ካለ አንነካም፤ ደንብ ነው።»
«አለ!»
መዝገቡን ገለጠ። «ይሄ የማን ፊርማ ነው፣ እህቴ?»
ከሌባ ለመደበቅ ነው አልኩት። «ታዲያ የቱን ልመን? የጻፍሽውን ወይስ የምትነግሪኝን?»
በገዛ እጄ!

ጥር 15
ለአባዬ ነገርኩት። እንዲህ አለኝ፦
«ከተማው ከዚህ ምንጭ ሲጠጣ ቅርንጫፍ የሰበረ ይታሰር ነበር። ቧንቧው ከሌላ ቦታ ሲመጣ እንጨት ነጋዴዎች የጫካውን ግማሽ ጋጡት። የተረፈውን ከልለው ዘበኛ አደረጉኝ። ሲጠማቸው ነበር የሚወዱን፣ ልጄ።»
ከዚያ «እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አባዬ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ዛሬም አላየሁም፤ ትከሻውን ብቻ።

ጥር 19
መሐንዲሱን ለምኜ አመጣሁት። ዛፉ ሥር ለአራት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ማዶ መጋዝ ይጮኻል። ባልየው አልመጣም።
«እኔ የማየው ጭቃ ነው።»
«እሱ እኮ ነው በሯ!»
ሰዓቱን አየ። ሄደ።

ጥር 21
ባልየው ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። ሸሸ? ሞተ?

ጥር 22
ሾላ ለቀምኩ። ትኬት ቆራጯ መሰላል ያዘችልኝ። «ከወደቅሽ ያለ ትኬት ነው የገባችው ብዬ ነው የምመሰክረው!» ሳቋ ግን አልወጣላትም። በቀርከሃ ጫፍ አንዷን ፍሬ ሰክቼ ወደ ስንጥቁ ዘረጋሁ። ምንም። ሌላ… ምንም። እጄ ዛለ።
«በቃ ውረጂ፣ እናቴ…»
ምንቃር! መንጭቃ ወሰደችው።

ቁልቁል ሳይ መሐንዲሱ ቆሟል። የሚቆረጡ ዛፎች ላይ የቀለም ምልክት ሊቀባ ነበር የመጣው። ኮፍያውን አወለቀ።
«ብቻዋን ናት?»
«ብቻዋን።»
የቀለም ቆርቆሮውን ከደነ። «ይህን ዛፍ እተውልሻለሁ። መንገዱን ግን አልችልም። የጸደቀው በመዝገብሽ ነው።»

የካቲት 11
ጠዋት ሾላ፣ ማታ ሾላ። ዛፍ በወደቀ ቁጥር ቀርከሃው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ውስጥ ግን ጭጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ! ለማን ልናገር? ለአባዬ ብቻ።

ሚያዝያ 20
ጭቃውን ሰብራ ወጣች። ጫጩቷም ተከተለች። ዛፉ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን። በአንድ ወገን የመንገዱ ቀይ አፈር፣ በሌላው ጉቶ። እናትየዋ አንገቷን ወዲህ ወዲያ… ምን ትፈልግ ነበር? ከዚያ ወደ ምዕራብ በረሩ። ላይመለሱ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ላይ ማን ይቀልሳል?

መዝገቡን ገለጥኩ። «በምሥራቅ የታየ ጎጆ፦» ብዕሩን ይዤ ቆየሁ።

የለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልዋሽ ጻፍኩት። ፈረምኩ።