መቀሱ እስከ ቅዳሜ ይረፍልኝ

ለተከበሩ የብርቅዬ ዕፅዋት ጥበቃ መምሪያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎስ? ከጀርባዎ የተሰቀለው አረንጓዴ መጋረጃስ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከጉልበቴና ከደብዳቤ መጻፍ በቀር ደህና ነኝ። ይህ ለመሥሪያ ቤትዎ የምጽፈው ዘጠነኛ ደብዳቤ ነው። ስምንቱ ምን ያህል በጥንቃቄ ተቀምጠው እንደቀሩ ስለማውቅ፣ ይኸኛውን ለመዝገብ ቤታችሁ ከመስጠቴ ሌላ፣ አላፊ አግዳሚውም እንዲያነብልኝ አንድ ቅጂ በአጥርዎ ላይ ለጥፌያለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ የመጀመሪያው አትክልተኛችሁ ሚስት ነኝ፤ በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የሰፈሩ ሰው «አኩራፊ» የሚለውን ባለ ነጭ አበባ ቁጥቋጦ ከሁለት ወንዝ ዳር ሁለት ችግኝ አምጥቶ፣ አንዱን በእናንተ በር፣ አንዱን በእኔ መስኮት ሥር ተከለ። ወንዞቹ ዳር ቤት ከተሠራ ወዲህ፣ እኛ እስከምናውቀው የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንዱ ከሌላው የአበባ ብናኝ ካላገኘ ፍሬ አይዝም። ስለዚህ ባለቤቴ በየዓመቱ የዓይን መኳያ ብሩሼን እየሰረቀ፣ ከመስኮቴ ወደ በራችሁ፣ ከበራችሁ ወደ መስኮቴ ሲመላለስ ኖረ። ጎረቤት ሽማግሌው ኩል ጀመረ ብሎ ይስቅበት ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ባለቤቴ በስንት መከራ ያፈላቸውን አሥራ አንድ ችግኞች በሪባን አስራችሁ ለስብሰባ እንግዶች ስለሸለማችሁልኝ አመሰግናለሁ። በየቢሮው መስኮት ላይ ከፕላስቲክ አበባ ጎን ተደርድረው ከርመው፣ ፕላስቲኩ ብቻ እንደተረፈ ሰምቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ካረፈ እነሆ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከአምና በቀር በየዓመቱ ከጉብኝት በፊት ቁጥቋጦውን እንደ ኳስ አድቦልቡላችሁ ስለምትከረክሙት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አኩራፊ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ከቆረጡት ዓመቱን ሙሉ ይኮርፋል፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። ይህንን በስምንት ደብዳቤ አስረድቻለሁ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ እንጂ። ካቻምና ተክሉ ለምን እንደማያብብ የሚያጠና ኮሚቴ ማቋቋማችሁን ሰምቼ እልል ልል ስል፣ ኮሚቴው በተሰበሰበ ዕለት ግቢው እንዲያምር ተክሉ ተከረከመ። ደከመኝ፣ ክቡርነትዎ። መሳቅም ደከመኝ።

ሦስተኛ፣ «የተጠበቀ ተክል፤ መንካት ክልክል ነው» የሚለው ሰሌዳ በእውነት ጠንካራ ነው። ከርካሚያችሁ ሥራ ሲጀምር ጃኬቱን የሚሰቅለው እዚያ ላይ ነው።

አራተኛው ምስጋና አይደለም፣ ልመና ነው። የመስኮቴ አኩራፊ አርጅቶ ዘንድሮ ከሥሩ ደረቀ። ሊሞት ሲል ግን ከወትሮው ቀድሞ ሰባት አበባ አወጣ። ብናኛቸውን በብሩሹ አራግፌ በመድኃኒት ብልቃጥ አድርጌ፣ ከማቀዝቀዣው እንቁላል መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። ልጄ ይህ ነገር መቼ ነው የሚጣለው እያለች ትነዘንዘኛለች። በባለቤቴ ማስታወሻ ደብተር መሠረት ከአንድ ወር በላይ አይቆይም፤ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

በእናንተ በኩል ደግሞ አምና ከርካሚው ክንዱን ተሰብሮ ስለከረመ፣ ቁጥቋጦው እፎይ ብሎ አደገ። ዛሬ ሰኞ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ አሥራ አራት እምቡጥ ቆጠርኩ። ከርካሚውንም አነጋገርኩት፤ ደግ ሰው ነው። እማማ፣ ሐሙስ እንግዳ ይመጣል ተብለናል፣ እኔ ምን ላድርግ ብሎኝ መሬት መሬት አየ።

ስለዚህ እንግዶችዎ ሐሙስ ዕለት አንድ የተንጨባረረ ቁጥቋጦ እንዲያዩ ይፍቀዱልኝ። እምቡጦቹ ቅዳሜ ይፈነዳሉ። በብሩሼ መጥቼ፣ ሩብ ሰዓት ቆሜ እሄዳለሁ። ፍሬው እስኪበስል ብቻ ይታገሱኝ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ኳስም ሆነ እንደ ሣጥን ያድርጉት፣ አሥረኛ ደብዳቤ አልጽፍም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመቀሱ ቢያንስ የአምስት ቀን ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ልብስ ሰፊዋ፣ የአትክልተኛው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ረቡዕ ከሰዓት። መልስ ልጠይቅ ብመጣ ግቢው ተጠርጓል፣ ቁጥቋጦውም ድቡልቡል ብሏል። አሥራ አራቱን እምቡጦች ከቆሻሻ ገንዳው ለቅሜ ቆጠርኳቸው፤ አንድም አልጎደለም። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ግን ደብዳቤዬ በወቅቱ መድረሱን ቅጂዬ ላይ ማኅተም አድርጋ አረጋግጣልኛለች፤ እግዜር ይስጣት። በማኅተማችሁ መካከል ያለችው አበባ አኩራፊ ናት፤ የሳላት ባለቤቴ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ በግቢያችሁ ስታብብ ያየሁት እሷን ብቻ ነው።