ሚስተሩ ያስተማሩን የስህተት ቃላት

ሰኞ፣ ኅዳር ፪

ኅዳር ገብቶም ድሬ አልበረደችም። ጠዋት ስልክ ቤት ተረኛ ነበርኩ። ከሥራ በኋላ አለቃችን ሚስተር ኦልሰን እንደ ልማዳቸው እኛን ቴሌፎኒስቶቹን ሰብስበው እንግሊዝኛ አስተማሩን። የዛሬው ስለ ስህተት ነው። ስሊፕ አሉ፣ ትንሿ፣ እጅ ሲያመልጥ። ሚስቴክ፣ ማንም የሚሠራው። ኦቨርሳይት፣ ሳያዩ ማለፍ። ብለንደር፣ የሚያሳፍር ትልቅ ስህተት። መጨረሻ ላይ ኔግሊጀንስ… ቸልተኝነት። "ይቺ ከሥራ ታስወጣለች" ብለው ሳቁ።

ጓደኛዬ ሃሊሞ ጆሮዬ ሥር መጥታ "አቦ፣ ለጥፋት ይሄን ሁሉ ስም! ሥራ ፈት ናቸው እንዴ?" አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሚስተሩ አዩን። የተቆጡት ግን እሷን ብቻ ነው። እኔን እንግሊዝኛ ስለምችል ይወዱኛል። ከገና በኋላ አዲስ አበባ ሊያዛውሩኝ ነው። እስከዚያ ያስችለኝ ይሆን?

ሐሙስ፣ ኅዳር ፭

ደስ አላለኝም ዛሬ። ምን እንደሆነ አላውቅም… አውቃለሁ እንጂ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ኢስታር ከአዲስ አበባ ደወለች። አብረን ነው የተማርነው፣ እሷም እዚያ ቴሌፎኒስት ናት። ሥራ ሲቀዘቅዝ እናወራለን፣ ሁሉም ያደርገዋል። ለእህቷ ሠርግ ስላሰፋችው ቀሚስ እያወራችኝ… አንገቱ እንዲህ፣ ወገቡ እንዲያ። ሰሌዳው ላይ የጅቡቲ ጥሪ መብራት በራ። አየሁት። "ትንሽ ይቆይ" አልኩ በልቤ። ጠፋ፣ ደግሞ በራ፣ ደግሞ ጠፋ። ኢስታር ገና እጅጌው ላይ ነበረች። የስድስት ሰዓት ተረኛዋ ሃሊሞ ልትተካኝ ስትመጣ ማዳመጫውን ሰጠኋትና "ምንም የለም፣ ሰላም ነው" ብዬ ተነሳሁ።

ደጅ ስወጣ የጅቡቲው ባቡር አፏጨ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፯

ጉዴን ሰማሁ። ያ ጥሪ የሀጂ ሱሌማን ነበር፣ ቀፊራ ገበያ ያሉት ጨርቅ ነጋዴ። እናታቸው ጅቡቲ ሆስፒታል ጠንቶባቸው "ስምህን እየጠሩ ነው፣ በዛሬው ባቡር ድረስ" ሊሏቸው ነው ዘመዶቻቸው ሲደውሉ የነበሩት። ሃሊሞ ገና ከመቀመጧ መብራቱን አይታ አገናኘቻቸው። ሀጂ ጣቢያ እስኪደርሱ ባቡሩ የለም። በማግስቱ እናትየው አረፉ። ልጃቸውን ሳያዩ።

ከጅቡቲ አቤቱታ መጥቷል። ስንደውል ስንደውል ድሬዳዋ ዝም አለችን ብለው። ሚስተሩ ጠየቁ… ስድስት ሰዓት ላይ ማን ነበር የተቀመጠው? ሃሊሞ "እኔ" አለች። እኔስ? እኔ ጥግ ቆሜ የማዳመጫ ገመድ እጠቀልል ነበር። የተጠቀለለ ገመድ ፈትቼ እንደገና ስጠቀልል።

ሰኞ፣ ኅዳር ፱

ሃሊሞን አስወጧት። ሁላችን ፊት። "ኔግሊጀንስ" አሉ ሚስተሩ።

ለምን አልተከራከረችም? "እንጃ፣ ዘግይቼ ገብቼ ይሆናል" ብቻ አለች። ኧረ አልዘገየችም! እንዲያውም ቀድማ ነው የመጣችው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷንም ታናናሾቿንም የምታበላው እሷ ናት። ይሄን እያወቅኩ አፌ ተለጎመ። ነገ እናገራለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲

አልተናገርኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፩

የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ሃሊሞ ቤት ሄድኩ። ከስታለች። እናቷ እትዬ ዳሃቦ ጉልበቴን ይዘው መረቁኝ። ሌሎቹ ቴሌፎኒስቶች ዝር አላሉም፣ አንቺ ብቻ ነሽ የመጣሽልን ብለው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ቤት ገብቼ ለራሴ የምትሆን ቃል ፈለግኩ። ስሊፕ? እጄ መች አመለጠኝ። ኦቨርሳይት? አይቼዋለሁ፣ ያውም ደጋግሜ። ሚስቴክ ብል ምን ይሉኛል… አየሽ፣ አሁንም የምታስቢው ስለ አዲስ አበባ ነው። አታፍሪም?

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፫

ለሚስተሩ ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ በእንግሊዝኛ። መብራቱን፣ ቀሚሱን፣ ሃሊሞን የዋሸኋትን።

ፈገግ አሉ! መናገሬ ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛዬም ተሻሽሏል አሉኝ። "ኦቨርሳይት ነው። ልጅ ነሽ። አዲስ አበባ ባይሰማ ይሻላል።"

"ሃሊሞስ?" አልኳቸው።

"የሷ ነገር አልቋል።"

"ያው አንድ መብራት እኮ ነው፣ ሚስተር። ለሷ ኔግሊጀንስ ሆኖ ለኔ እንዴት ኦቨርሳይት ይሆናል?"

"ሥራሽ ይጠብቅሻል" አሉና ወደ ወረቀታቸው አጎነበሱ።

ሄጄ ሥራዬን ሠራሁ። እፎይ እንዳልኩም አልክድም። ቱ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፬

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አድሮ ጠዋት ቀፊራ ወረድኩ፣ ሀጂ ሱቅ። ቃል መምረጥ የለም። "ሀጂ፣ ያን ቀን መብራቱን እያየሁ ያላነሳሁት እኔ ነኝ። ስለ ቀሚስ እያወራሁ ነበር" አልኳቸው።

የያዙትን ጣቃ ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ስለ ቀሚስ?"

"አዎ።"

"ያቺ ልጅ… ሃሊሞ መጥታ ነበር" አሉ። "ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ አፉ በሉኝ ብላ እዚህ ደጅ አለቀሰች። ወላሂ ክፉ ተናገርኳት። ከእናቴ የለየሽኝ አንቺ ነሽ ብዬ አባረርኳት።" የሱቁን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። "አሁን ምን ብዬ ልመልሰው?"

እኔን አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ሱቁን ዘግተው ወደ ሃሊሞ ቤት ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፯

ትናንት ሀጂ ስልክ ቤት ድረስ መጥተው ሚስተሩን አፋጠጧቸው። ሃሊሞ ዛሬ ሥራ ገባች። እኔ ወጣሁ። አዲስ አበባም ቀረ። ኔግሊጀንስ ተባልኩ፣ ለቃሉ ቅሬታ የለኝም።

አመሻሽ ላይ ሃሊሞ መጣች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"ሥራውን ተይው አቦ፣ ሥራ ይገኛል" አለች። "እኔ እኮ እውነት እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር፣ አለም። ሰው እናቱን ሳይሰናበት ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ። እህል አልወርድ አለኝ። አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ምን ነበር ያልሽኝ? 'አይዞሽ፣ ሆን ብለሽ አላደረግሽውም።'"

ከዚያ ሄደች።

ያን ረቡዕ፣ ቤቷ፣ ብያታለሁ። እጇን ይዤ። እዚህ እንኳ አልጻፍኩትም ነበር።