የኖርማ ቦርሳ ያሸነፈው ዕጣ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ባሕሩስ ፋታ ሰጣችሁ ወይስ ጀልባው አሁንም እየቀረ ነው? እማዬ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ከመዝለቁ በቀር በአምላክ ቸርነት ደኅና ነኝ።

አሴናካ ከቁማር ቤት በሌብነት ተባረረች የሚል ወሬ ደሴታችን ካንዳቩ ድረስ መድረሱን ሰማሁ። በቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት አንገትዎን እንዳይደፉ፣ የሆነውን ከራሴ አፍ ይስሙ።

እሠራበት የነበረው ክለብ የቁማር ማሽኖች ኃላፊ ትሬቨር የሚባል፣ ከራሱ ቀድሞ ሆዱ በር የሚገባ ሰው ነበር። እዚህ አገር ማሽኖቹን ለመንካት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱን የተነጠቀ ከሥራው ለዘለዓለም ተሰናበተ። ትሬቨር ጠዋት ጠዋት ሰብስቦን፣ «ፈቃዳችሁ ክብራችሁ ነው» እያለ ይሰብከን ነበር። ደረቱ ላይ ያንጠለጠላትን የፈቃድ ካርድ እንደ ጳጳስ መስቀል ያሻሻታል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጠራኝ። ትልቅ ዕጣ ሲወጣ ሁለት ሠራተኞች አይተው ካልፈረሙ አይከፈልም። እሱ ፈርሟል። ዕጣው ወጣ በተባለበት ማሽን ወንበር ላይ የሚስቱ ወንድም ላብ በላብ ሆኖ ተጎልቷል።

«አሴና፣ ፈርሚና ሰውየው ይሂድ» አለኝ።

«ሲጫወት አላየሁትም» አልኩት።

«አንቺ ማየቱ ምን ያደርግልሻል? እኔ አይቻለሁ።»

ይኼኔ ከጎናቸው የምትጫወተው አሮጊቷ ኖርማ ዓይኗን ከማሽኗ ሳታነሳ፣ «ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው የእኔ ቦርሳ ነው። አሁን ነው አንሺ ያላችሁኝ። ያሸነፈው ቦርሳዬ ከሆነ ገንዘቡን ለእኔ ስጡኝ» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ትሬቨር ማሽኑን በቁልፉ ከፍቶ የሐሰት ዕጣ እንዳወጣ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አልፈረምኩም።

ዓይን አውጣው ሌባ ቀድሞኝ ሄዶ፣ ያጭበረበረችው እሷ ናት ብሎ ለክለቡ ሰብሳቢ ለከርቲስ ከሰሰኝ። ከርቲስ ደግሞ ሌባውን ያውቀዋል፤ የፈራው ለክለቡ ፈቃድ ነው። «እኛ ቤተሰብ ነን፤ ገመናችን ውጪ አይውጣ። ሁለታችሁም በሰላም ልቀቁ» አለኝ። ለትሬቨር የስንብት ኬክ ተቆረጠለት። ለእኔም አንድ ቁራሽ በወረቀት ሳህን ላኩልኝ፤ ለግቢው ውሻ ሰጠሁት። እሱም አሽትቶ ተወው።

በማግስቱ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ሲጣራ የዚያ ሰባኪ ፈቃድ በሌላ ክፍለ ግዛት በዚሁ ሌብነት የተሰረዘ ሆነና አረፈው። ከርቲስም እያወቀ ነው የቀጠረው፤ ገበያ ያመጣል ብሎ! ትሬቨር አሁን ፍርድ ቤት ይመላለሳል፤ ማሽኖቹም ታሽገዋል። የእኔ ስም ንጹሕ ነው፤ ማሽኖቹ ሲከፈቱ ተመልሰሽ ሥሪ ተብዬም ነበር።

ያልተመለስኩበትን ምክንያት ልንገርዎት። የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ አሮጊቷን ኖርማን፣ «በወንበሩ ሰው እንዳልነበረ እንዴት እርግጠኛ ሆኑ?» ብላ ስትጠይቃት አጠገቧ ነበርኩ። ኖርማ፣ «ባሌ ከሞተ ወዲህ ከዚያ ተነስቼ አላውቅማ። ቤቴንም የበላው እሱ ማሽን ነው» አለች። መርማሪዋ የመጀመሪያውን ጻፈች፤ ሁለተኛውን ለመጻፍ ቦታ አልነበራትም። ለካ ትሬቨር ያለ ፈቃድ ነው የሰረቀው፤ እኛ በፈቃድ። ካርዴን እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ትቼላት ወጣሁ። አሁን ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ነኝ። እጄ ይሰነጣጠቃል፤ እንቅልፌ ግን ጥሩ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። አክስቴን ቪኒያናን፣ የላከችልኝ ምንጣፍ አልጋዬ ሥር ተነጥፏል በሉልኝ። ለወንድሜ ለሴሩ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ጣሪያውን ከዝናቡ በፊት ይጨርስ። ታናሽ እህቴ ማካሬታ ግን ሰላምታዬን ተቀብላ ይህችን ትስማ፦ እዚያ ክለብ አስገቢኝ ያልሽኝን አልሰማሁም፤ አንቺም አላልሽኝም።

ልጅዎ አሴናካ
ግሪፍዝ፣ አውስትራሊያ
ኦገስት 14 ቀን 2016