እማዬ ያለ መኪና አጆራ ደረሰች

ለምወድህ ወንድሜ ለሚልክያስ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ጨጓራህ ተወህ ወይስ አሁንም ቁርስ ሳትቀምስ ሱቅ እየከፈትክ ታስቆጣዋለህ? የዚያ አገር ብርድስ አለፈላችሁ? ሰፈሩ ሰላም ነው? አብረውህ የሚኖሩት ያገራችን ልጆችስ እንደምን አሉ? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም፤ እሱንም ለምደነዋል ብልህ ውሸት ይሆንብኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለጋት እንደምትል አውቃለሁ። ባለፈው ስትደውል ነገሩን ልነግርህ ጀምሬ እማዬ ስልኩን ከጆሮዬ ነጠቀችኝ። እሷ ደግሞ ታውቃታለህ፣ ወሬን ከመጨረሻው ነው የምትጀምረው። አንተ «መኪናው የማን ነው? ማን ወሰዳት?» እያልክ ስትጮህ መስመሩ ተቋረጠ። የጎረቤታችን ልጅ ዮሴፍ ወደ አንተ ስለሚመጣ፣ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ስፌት ለዛሬ ትቼ፣ ሁሉንም ከሥሩ ልጽፍልህ ቁጭ ብያለሁ። ለጥያቄህ መልሱ ይኸውልህ፤ መኪናው የማንም አይደለም። አጆራ ድረስ የወሰዳት መኪና አልነበረም።

እማዬ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ኦቶና ሆስፒታል ታክማ ከወጣች ወዲህ፣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ርቃ ሄዳ አታውቅም። ያኔ በስልክ ስታለቅስብህ አንተ «አይዞሽ እማ፣ መኪና ይዤ እመጣና አጆራ ድረስ እወስድሻለሁ» አልካት። አንተ ለማጽናናት ነው ያልከው። እሷ ግን ቃልህን ይዛ ቁጭ አለች። የተወለደችበት ቀዬ ከአጆራ ፏፏቴ አፋፍ አጠገብ መሆኑን ታውቃለህ፤ ክረምት በወጣ ቁጥር በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ወንዞች እያሰበች «አሁን አጃጮና ሶኬ ሞልተዋል» ትላለች። ታዲያ እንሂዳ ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ሚልክያስ መኪና ይዞ ይመጣል። አጥብቄ ስለምናት ደግሞ ትቆጣለች። በሰው ትከሻ አገሬ የምገባው የሞትኩ ዕለት ብቻ ነው ትለኛለች። ይህን የምጽፈው አንተን ለመውቀስ አይደለም። ትንሽ ለመውቀስም ነው።

ዘንድሮ ግን ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በዓል በኋላ ከቦምቤ የመጣ ሰው የአጎታችንን የባዳቾን መልእክት አደረሰልን። ታናሽ ወንድሟ እንደ ዱሮው ገበያ ወጥተው፣ በዚያው ሶዶ መጥተው የማይጠይቋት ለምን እንደሆነ ስትብሰለሰል ከርማ ነበር። ለካ ዓይናቸው ጠፍቶ ኖሯል። እንዳናዝን ብለው ደብቀውን ነው። የላኩት ቃል «ማየቱስ ቀርቶብኛል፤ ድምጿን ሳልሰማ እንዳልቀር» የሚል ነበር። እማዬ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ጠዋት ክራንቿን አንስታ «መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችን፤ መምጣታችንን ማንም እንዳይነግራቸው፣ በግ ልረድ ብለው ይቸገራሉ አለች። እኛም እሺ አልን። ያ እሺታ ምን እንዳመጣብን ትሰማለህ።

ፊት ለፊታችን ያሉት አናጢ ጋሽ ገበየው፣ አባታቸው ከጉራጌ መጥተው ሶዶ የከተሙት፣ ነገሩን ሲሰሙ ሳያማክሩኝ ሥራ ጀመሩ። ሁለት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ አጣና ልጠው፣ መሃሉን በጠፍር አልጋ አሠራር ጠፈሩት። ቃሬዛ ነው። እማዬ ከበረንዳ ሆና ምን እየሠሩ እንደሆነ ብትጠይቃቸው አልጋ ነው አሏት። እግር የሌለው አልጋ እንዴት ያለ ነው ብትላቸው፣ እግሩን ሌሎች ሰዎች ያመጣሉ ብለው መለሱላት። እሷም ገባት።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። እኔ፣ ባለቤቴ ሳሚ፣ ጋሽ ገበየው ራሳቸው፣ ከእናቶች የጸሎት ቡድን ጥቂት ሴቶችና ከመዘምራኑ ጉልበት ያላቸው ልጆች። የመናኸሪያ ሰዎች ዩኒፎርም ስሰፋላቸው ስለኖርኩ፣ ተራ አስከባሪው ሲላስ የሚኒባሱን ጋቢና ለእማዬ ይዞ ጠበቀን፤ ቃሬዛው ከላይ ከፌስታልና ከዶሮ ጋር ታሰረ። አረካ ወርደን ወደ ቦምቤ በሚሄደው ተሳፈርን። እማዬ መንገዱን ሙሉ በመስኮት እያየች ለሾፌሩ ታስረዳው ነበር፦ ይህ ቦይና ነው፣ ከተሜው ጎደሬ የሚለው፣ ይህ ዝንጅብል ነው፣ እዚያ ዱሮ ትልቅ ሾላ ነበረ። ሾፌሩ መንገዱን በየቀኑ የሚመላለስበት ነው፤ ግን አንድም ጊዜ አውቃለሁ አላላትም። ተባረክ ብዬዋለሁ።

ቦምቤ ላይ ለእማዬ ባጃጅ ይዘን እኛ በእግር ተከተልን። ኤልሻዳይ የምትባል፣ ከወንዶቹ ሾፌሮች ሁሉ ቀልጣፋ የሆነች ልጅ እማዬን እንደ እንቁላል አስቀምጣ ወሰደቻት። ግን ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን አበላሽቶት ኖሮ ገና ብዙ ሳንሄድ ባጃጇ ጭቃ ውስጥ ቆመች። ከእኛ ፊት አንድ ትልቅ የሽርሽር መኪና፣ ጣሪያው ላይ ድንኳን የጫነ፣ እስከ በሩ ተቀርቅሯል። ውስጡ የነበሩት ወጣቶች ፏፏቴውን ሊያዩ ከሐዋሳ የመጡ ናቸው፤ ጫማቸው ነጭ ስለሆነ አንወርድም ብለው ተቀምጠዋል። ሚልክያስ፣ ያንን መኪና ሳይ አንተን አሰብኩህ። ይዘህ ብትመጣ ኖሮ እዚያው ነበርክ።

እማዬ በእግሬ እሄዳለሁ አለች። ወረደች፤ ክራንቿን ተከለች፤ ክራንቹ ሰመጠ። ሌላኛውን ተከለች፤ እሱም ሰመጠ። ክራንቾቿን ትታ ባጃጇን ተደግፋ ቆማ ወደ አገሯ አቅጣጫ ብዙ አየች። ከዚያ ለጋሽ ገበየው «በል እንግዲህ፣ አልጋህን አምጣ» አለቻቸው። ሳሚና ልጆቹ አነሷት። ልጆቹ እርምጃቸው እንዲገጥም ዝግ ባለ ድምፅ መዝሙር ጀመሩ፤ እኛ ሴቶቹ ከኋላ ተከተልን። ትንሽ እንደሄድን ዝናቡ ተመለሰ። እንዳትበሰብስ ጋቢ ደረብንላት፤ በላዩ ላይ ላስቲክ ከራስ እስከ እግሯ ሸፈንንባት። እኛም ነጠላችንን በራሳችን ላይ ጣልን።

እስቲ አንተ የአፋፉ ሰው ሆነህ ከማሳህ ላይ ቀና ብለህ እየን። ከከተማ በኩል ቃሬዛ ይመጣል፤ ላዩ ተሸፍኗል፤ መዝሙር አለ፤ ሴቶች ራሳቸውን ተከናንበው ከኋላ ይከተላሉ።

ቦይና የሚቆፍር አንድ ሰው መቆፈሪያውን ጥሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ከጓሮ ብቅ ያለች ሴት እጇን አናቷ ላይ ጭና ጮኸች። ጩኸቱን ከማዶ ያለው ቤት ተቀበለው፤ ከዚያ ሌላው፤ አፋፉ ሁሉ በለቅሶ ተናወጠ። ሰው ከየቤቱ እየወጣ ወደ እኛ ይሮጣል። እኛ ደግሞ ምን መሰለን መሰለህ? ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሞቶ ኀዘን ላይ የደረስን መሰለን። ለቅሶ ደርሶ ዝም የሚል እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ ነው? ሳሚ «በሉ እናልቅስ፣ ነውር ነው» አለ። ነጠላችንን አዘቀዘቅን፤ ሁላችንም እያለቀስን ወደ እነሱ ሄድን። እነሱ የእኛን ለቅሶ ሲያዩ የባሰ አለቀሱ። እኛ የእነሱን ስናይ እኛም ባሰብን። እኔማ ማን እንደሞተ ሳላውቅ አባታችንን አስታውሼ ከልቤ ነው ያለቀስኩት።

እማዬ ላስቲኩ ውስጥ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። ወንድሟ የሞተ መሰላት። ላስቲኩንም ጋቢውንም በአንድ እጇ ገፍታ ቀና አለችና፣ ከፊቷ ደረቷን የምትደቃውን ሴት በወላይትኛ «ማነው የሞተው?» ብላ ጠየቀቻት።

ሴትየዋ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ። «አንቺ ነሽ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጽሑፍ ማሳየት አልችልበትም። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ሳቀች፤ ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ እንባው ሳይደርቅ በሳቅ ወደቀ። ኤልሻዳይ ባጃጇን ጥላ ተከትላን መጥታ ነበር፤ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ነው የሳቀችው። እማዬ ግን አልሳቀችም። እንደ ዳኛ ዙሪያዋን ቃኘችና፣ ማን እንዳለቀሰላት እንዳየች፣ የሞተች ዕለት ከዚህ የቀነሰ ለቅሶ እንደማትቀበል ነገረቻቸው።

ሰው ሁሉ እየሳቀ ሳለ አጎታችን ባዳቾ ደረሱ። እኛን ያወቀ ሰው ሮጦ መርዶ ነግሯቸው ኖሮ፣ የልጃቸውን ሚስት ክንድ ይዘው፣ እየተደናቀፉ፣ «እኅቴ፣ ድምፅሽን ሳልሰማ» እያሉ ያለቅሳሉ። ዓይናቸው አያይማ። ሰዎቹ በሕይወት አለች ቢሏቸው ሊያጽናኗቸው መሰላቸው፤ አላመኑም። እማዬ «ባዳቾ» ብላ ጠራቻቸው። ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን ዳሰሱ። ከዚያ አንገቷ ሥር ተደፉ። የእኔ ወንድም፣ እዚያ ቆሜ በእማዬ ኮራሁ፤ በእኛም ኮራሁ። ይህ እንዲሆን ያደረግነው እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ የሶዶ ልጆች ቃሬዛውን የሚያነሱበት ዕድል አላገኙም። ቃሬዛ ሲያልፍ ቆሞ የሚያይ ወንድ እዚያ አገር የለም፤ የራሳቸው ልጅ ስትሆንማ አስበው። ሽማግሌ ሳይቀር ተራ ይለምናል። አጎታችን አንዱን አጣና በእጃቸው ይዘው ከጎኗ ሄዱ፤ ያየ ሰው የሚሸከሙ እንጂ በአጣናው የሚመሩ አይመስለውም። ያቺ በሰው ትከሻ አልገባም ያለችው እናትህ፣ እንደ ሙሽራ በእልልታ ገባች። የሐዋሳዎቹም ኋላ ጫማቸውን አውልቀው ተከተሉን።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። አፋፉ ጫፍ ላይ ቃሬዛውን ሣር ላይ አኖሩላት። ሁለቱም ወንዞች ሞልተው ጎን ለጎን ወደ ገደሉ ይወርዳሉ፤ ጭሱ እኛ ድረስ እየመጣ ፊታችንን ያረጥበዋል። እማዬ ለአጎታችን ታሳያቸው ጀመር፦ አጃጮ ቀላ ብሏል፣ ሶኬ ደግሞ እንዲህ ሆኗል እያለች። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና፣ ዘንድሮ የሚበልጠው ሶኬ ነው አሏት። እሷ የለም አለች፤ ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ አለች። እንደ ልጅነታቸው ተከራከሩ። ሰዉ ሁሉ ራቅ ብሎ ተዋቸው።

ሊመሽ ሲል ብቻዋን ስትሆን ጠጋ ብዬ፣ ይህን ያህል የምትወጂውን ቦታ ስንት ጊዜ እንሂድ ስልሽ ለምን እምቢ አልሽ፣ እውነት ትከሻው ነው ወይ አልኳት። ዓይኗን ከውኃው ሳትነቅል፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ መለሰችልኝ።

«ልጄ፣ አጆራን ካየሁ በኋላ ሚልክያስ ምን ብሎ ይመጣል?»

ጋቢዋን አስተካከልኩላት፣ አብረን ውኃውን አየን።

በጉ አልቀረልንም፤ ሳይታረድ ብንሄድ ሌላ ለቅሶ ይሆን ነበር። አጎታችን ቤት አደርን፤ ቦይና በሚያቃጥለው ዳታ እስክንጠግብ በላን። እሑድ ከእነሱ ጋር አምልከን ተመለስን። እስከ ባጃጁ ድረስ የሸኙን ሰዎች ብዛት ሠርግ ያስመስል ነበር። አሁን የሶዶ እናቶች እኛንም ውሰዱን እያሉ እየመጡ ነው፤ ጋሽ ገበየው ሁለተኛ ቃሬዛ ጀምረዋል። መናኸሪያ ስሄድ ሲላስ «አስጎብኚዋ መጣች» ይለኛል። ይበል። ደስ ይለኛል።

ሳሚ ሰላም ይልሃል፤ ትከሻው አሁንም ያመዋል፤ ግን ሰው በጠየቀው ቁጥር ደስ እያለው ነው የሚያወራው። ልጄ ሜላት አንድ ፏፏቴ ሥላልሃለች፤ ወረቀቱን አብሬ አጥፌዋለሁ፤ መሃል ላይ የቆመችው ትልቋ ሴት አያቷ ናት። ጋሽ ገበየው እጅ ነስተውሃል። አጎታችን ባዳቾ ስምህን ጠርተው መርቀውሃል፤ ድምፅህን ደውለህ አሰማቸው። የጸሎት ቡድኑ እናቶች በጌታ ስም ሰላም ይሉሃል። አንተም ለጓደኞችህ ለሁሉም ሰላምታችንን አድርስልን።

እማዬ ደግሞ ከጎኔ ተቀምጣ የጻፍኩትን በሙሉ አስነብባኛለች። አፋፉ ላይ የነገረችኝን ሳነብላት ትሰርዘዋለች ብዬ ነበር፤ አልሰረዘችውም። ይልቅ ይህን ጨምሪ አለችኝ፤ እንዳለችው ጻፍኩት፦

«ልጄ፣ አጆራን አይቻለሁ። መኪናውን ተወው። ያላየሁት አንተን ነው።»

እኅትህ ትዕዛዝ

ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.