«ዝም አይነቅዝም» ላልከኝ ጋሼ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ዓይንህ እንዴት ከረመ? ሞራው ከተነሣልህ ወዲህ ብርሃኑ እየጨመረ ነው ወይስ አሁንም ሰውን በድምፁ ነው የምትለየው? ጉልበትህስ? እትዬስ «ምንም አይደል» የምትለው የደረቷ ውጋት ለቀቃት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። በእኛ ዕድሜ ወገቡ ደህና የሆነ ሰው ካለ ሳይሠራ የኖረ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ቅዳሜው አደጋ ብጽፍልህ «ዝም አይነቅዝም፤ አንተ ነዳጅህን ቅዳ» ያልከኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ታላቄ ነህ፤ ሥራውንም ያስያዝከኝ አንተ ነህ። ነገር ግን ምክርህ ሲደርሰኝ ተናግሬ ጨርሼ ነበር። ከሌላ ከምትሰማው ከእኔው ስማው።

ደብዳቤውን የምታነብልህ ልጅህ ሥራችንን ስለማታውቅ ለእሷ ብዬ ከሥሩ ልጀምር። ልጄ፣ እዚህ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ተራ የሚሰጥ መቆጣጠሪያ ማማ የለም። ለማረፍ የሚመጣ አውሮፕላን ሁሉ ሜዳውን በግራው አድርጎ ይዞርና «እዚህ ደርሻለሁ፣ አሁን ልታጠፍ ነው» እያለ በሬዲዮ ይናገራል። ሌላው ሰምቶ ተራውን ይጠብቃል። ቅዳሜ ጠዋት አምስት ስድስት ሆነው ሲዞሩ ከመጋጨት የሚያተርፋቸው ይኼው ንግግርና ዓይናቸው ብቻ ነው። ዓይን ደግሞ ይጋረዳል። አንዷ ዓይነት አውሮፕላን ክንፏ ከላይ ነው፤ ነዳጁ የሚቀዳው ክንፏ ውስጥ ስለሆነ ለእሷ መሰላል እወጣለሁ። ሌላዋ ክንፏ ከታች ነው፤ ለእሷ አጎነብሳለሁ። መሰላል የሚያስወጣኝ ክንፍ አብራሪው ሰማዩን እንዳያይ ይጋርደዋል፤ የሚያስጎነብሰኝ ደግሞ ምድሩን። እንግዲህ ባለ ታች ክንፏ ከባለ ላይ ክንፏ በላይ ሆና አብረው ቢወርዱ፣ ሊነካኩ ደርሰው እንኳ አይተያዩም።

ጋሼ፣ በነዳጅ ክፍሌ መደርደሪያ ላይ ሬዲዮ ነበረኝ፤ ማን ነዳጅ ፈልጎ እንደሚመጣ እንድሰማበት። መናገርም ይቻልበታል። አንተ ከሄድክ በኋላ አንድ ቀን ማኮብኮቢያው ላይ ውሻ አይቼ «ውሻ! ውሻ አለ!» ብዬ ጮህኩበት። ውሻው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ነፋስ የወሰደው የሣር አጫጁ ጥቁር ኮት! አብራሪዎቹ ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ አደረጉኝ። «ማማው፣ ኮቱ ዛሬስ ማንን ነከሰ?» ይሉኛል። ስሜም «ማማው» ሆኖ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሬዲዮው ላይ «ነዳጅ ቀጂ አይናገርበትም» ብሎ ለጠፈ። ያልሳቀችብኝ አንዲት የበረራ አስተማሪ ብቻ ነበረች፤ ተማሪዎቿን ሁሉ «ቀስ በል» ስለምትል ስሟን ቀስ በል አልናት። «ግድ የለህም ማማው፣ ኮትም ቢሆን ንገረን» ብላኝ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ቀስ በል ከአንድ ተማሪዋ ጋር በባለ ላይ ክንፏ ዙሯን ጨርሳ ለማረፍ ታጠፈች፤ መታጠፏንም በሬዲዮ ተናገረች። አንድ እንግዳ አብራሪ በባለ ታች ክንፍ፣ ዙሩን ትቶ፣ ከሩቅ ቀጥ ብሎ መጣ። ትንፍሽ አላለም፤ ለካ ሬዲዮውን የሌላ ሜዳ መስመር ላይ ትቶት ኖሯል። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ አንዱ በሌላው ላይ ሲወርድ አየሁ። ወርጄ ሮጥኩ፤ ሬዲዮውን አነሣሁ፤ አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። «ከላይሽ አለ»፤ ሁለት ቃል ናት። ጋሼ፣ ኮቱ ትዝ አለኝ። «ዛሬም ተሳስቼ ቢሆንስ?» ብዬ እንደገና ለማየት አንገቴን በበሩ አወጣሁ። ያኔ አልፎ ነበር፤ ተጋጭተዋል። ተማሪው እግሩ ተሰብሮ ተረፈ፤ የእንግዳው አውሮፕላን በሆዷ ተንሸራትታ ሣሩ ላይ ቆመች፤ እሱም ተረፈ። ቀስ በል ሞተች።

ስጸልይ የምትመጣብኝ ግን እሷ ብቻ አይደለችም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታማ ሐኪም ፊት ስንቀርብ፣ «ሌላ የሚያምሽ አለ?» ሲላት አፍራ «የለም» አለች። ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት እኔ አውቅ ነበር። «እሷ ካላነሣችው እኔ ምን አገባኝ» ብዬ ባርኔጣዬን ሳሻሽ ተነሥተን ወጣን። ትሕትና ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፍርሃት ነው። ፈጣሪ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለቴም ወደቅሁ።

መርማሪዎች ሲመጡ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «ስማ፣ ሬዲዮው መስሚያ ብቻ ነበር፤ አንተም ምንም አላየህም። ጥፋቱ ሳትናገር የታጠፈችው የእሷ ነው። እሷ እንደሆነች ተነሥታ አትመልስ!» አለኝ። ያናገረኝ ይኼ ቃሉ ነው። መናገሯን በጆሮዬ መስማቴን፣ የተለጠፈውን ወረቀት፣ አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ሆኖ አለመጫኔንም አስጽፌ ፈረምኩ። በአንተ ስም የገባሁበትን ቤት ማስቀየሜን አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ምን ተደረገ ትል ይሆናል። አልተባረርኩም። ሬዲዮው ከክፍሌ ተነሣ። «ከእንግዲህ ለምን አልተናገርክም የሚልህ የለም» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሽቦውን ጠቅልሎ ወሰደው። የተገኘው መፍትሔ እሱ ነው። አብራሪዎቹም «ማማው» ማለት ትተዋል፤ ነዳጃቸውን ተቀብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ብታምንም ባታምንም ፌዙ ናፈቀኝ።

አሁን ቅዳሜ ሲመጣ ቱቦውን አስቀምጬ ደጅ ቆሜ አንጋጥጣለሁ። ሁለቱ ሲቀራረቡ ካየሁ ማንም እንደማይሰማኝ እያወቅሁ እጮኻለሁ። ባለፈው ሳምንት ጮህኩ፤ ለካ በመካከላቸው የትና የት ነበር። ሣር አጫጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይሳቅ። ጋሼ፣ ዝም ይነቅዛል፤ እኔ ከፍቼ አይቼዋለሁ።

የምታነብልህን ልጅ ድምፅ እንደሰማሁ ቁጠሩልኝ። ለትልቁ ልጅህና ለሚስቱ፣ ለሕፃኗም ሰላምታዬ ይድረስ። ለጎረቤትህ ለልብስ ሰፊው፣ የሰፋልኝ ኮት አሁንም እንደሚሞቀኝ ንገርልኝ። እትዬን ደግሞ ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ስመህም ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። «ምንም አይደል» ትላለች። አንተ ከአጠገቧ ተቀመጥና ደረቷን እንደሚወጋት ለሐኪሙ ንገርልኝ። ብትቆጣህም ንገር።

ታናሽህ

ከነዳጅ ክፍሉ፣ ኅዳር 14 ቀን